የአጎቴ ባህል

አባቴ አንዋር መስጊድ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ከታመመ ጀምሮ ለስድስት ዓመት ሱቁን የከፈትኩትም የዘጋሁትም እኔ ነኝ። ሲሞት ግን ድንኳኑ እንደተነሣ አጎቴ ሽማግሌ ሰበሰቡና ሱቁ ለታናሽ ወንድሜ ይሰጥ አሉ። ወንድሜ ጣቃና ቁራጭ አይለይም፤ ስጡኝም አላለም።

«እኔስ፣ ጋሼ?»

«አንቺማ ነገ ታገቢያለሽ። በኛ ባህል ሱቅ የወንድ ነው።»

«ሕጉ እኮ እኩል ነው የሚለው።»

«እሱ የፈረንጅ ነው!» አሉኝ፣ በቱርክ ሱፍ ሽክ ብለው፣ የቻይና ስልካቸውን እየነካኩ።

በዚያ ሰሞን የገበያውን ልማድ የሚያጠና አንድ ተመራማሪ ሱቃችን ይመላለስ ነበር። የተማረ ነው፣ ያግዘኛል ብዬ ጉዳዬን አጫወትኩት። በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ።

«ይገባኛል፤ ግን እያንዳንዱ ማኅበረሰብ የራሱ የፍትሕ ሚዛን አለው። ከውጭ ሆነን መፍረድ የለብንም።»

«እኔ እኮ ከውጭ አልመጣሁም፤ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

«በጣም ጥሩ ነጥብ ነው» ብሎ ደብተሩ ላይ አሰፈረና የቀረውን ጥያቄ አጎቴን ሊጠይቅ ሄደ። አጎቴም ከዚያ ወዲያ ላገኙት ሁሉ «ምሁሩም አጽድቆታል» ይሉ ጀመር።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሱቃችን ያለበት ሕንፃ ኮሚቴ አጎቴ በሌሉበት ተሰብስቦ እዚያው ያላቸውን የራሳቸውን ሱቅ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ የኋላ ጥግ አዛወረው። ቦታው ለሰብሳቢው አማች ተፈልጎ ነበር። አጎቴ ነጋዴው የተሰበሰበበት አዳራሽ እየጮኹ ገቡ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

«አይቆጡ፣ ጋሼ» አለ ሰብሳቢው። «የሕንፃችን ወግ ነው። ኮሚቴ የወሰነው አይጠየቅም፤ ከጥንት የነበረ ነው።»

ሕንፃው ከተሠራ አሥር ዓመት አይሞላውም።

«የምን ወግ ነው የምታወራው?» አሉ አጎቴ። «እኔ ሰው አይደለሁም? ሳልሰማ ይፈረድብኛል? የትም አገር ብትሄድ የሰው መብት አንድ ነው!»

ሳላስበው አጨበጨብኩ። ደንግጠው ዞሩ።

ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ የወሎ ሰው የሆኑ ሸማ ነጋዴ፣ ከኋላ ተቀምጠው ኖሮ ተነሡ። «ወንድሜ፣ የተናገርከውን ለልጅቱም እንያዝላት?»

«የሷ... የሷ ሌላ ነው።»

«ምኑ?»

አጎቴ ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

ኮሚቴው የነጋዴውን ጉርምርምታ ፈርቶ ውሳኔውን ሻረ። በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀምጠው ሱቁ የእኔና የወንድሜ እኩል እንዲሆን አስማሙን። ከሁላችን ይልቅ እፎይ ያለው ወንድሜ ነው፤ የእሱንም ድርሻ አንቺው አስተዳድሪልኝ ብሎ ወደሚወደው የጋራዥ ሥራው ተመለሰ።

አሁን አጎቴ ደንበኛ ባገኙ ቁጥር «በኛ ባህል ሴት ልጅ ከጥንትም እኩል ወራሽ ናት» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር፤ ልከራከራቸውም ይዳዳኝ ነበር። ኋላ ግን ተውኩት። ይበሉ፤ እየደጋገሙ ይበሉት። ሲሰነብት እሳቸውም ማመናቸው አይቀርም።