የኤርሊንዳ ጥዶችና የጭቃው ዓመት

ኤርሊንዳ ልትፈታው የተነሳችው ጥያቄ ለመናገር ቀላል ነው። እሳትና አመድ ከሚተፋው ተራራችን ከዶን ጎዮ የሚወርደው ጭቃ፣ የመንደሩ ኮሚቴ ለቤት መሥሪያ እየሸነሸነ የሚሸጠው ሜዳ ላይ ደርሶ ያውቃል? ከደረሰስ መቼ?

ጥያቄው እንቅልፍ የነሳት ታላቅ ወንድሟ ፊደንሲዮ እዚያው ሜዳ ላይ ቦታ ገዝቶ፣ ሚስቱን ቻዮንና ልጆቹን ሊያስገባበት ግድግዳ ማቆም ሲጀምር ነው።

“ጭቃው በሚወርድበት ገደል አፍ ላይ ያለው ቦታ ሁሉ ድንጋይና ጉብታ ነው። ይሄ ብቻ እንዴት ሜዳ ሆነ? ማን ደለደለው?” አለችው።

“እግዜር ነዋ! በኖኅ ዘመን!” አለና ሲሚንቶውን ማቡካት ቀጠለ።

ኤርሊንዳ የጋራ ደናችንን የችግኝ ጣቢያ የምትይዝ ሴት ናት። ዛፍ እንደሚያስታውስ ታውቃለች፤ እኔም ካሳየችኝ ወዲህ ጉቶ አይቼ ማለፍ አልችልም። ጥድ በዝናብ ወራት ፈዛዛ ሰፊ እንጨት ያበቅላል፤ በበጋው ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምርና ያርፋል። ፈዛዛውና ጥቁሩ አንድ ላይ አንድ ዓመት ናቸው። ድንቁ ያለው ቁስሉ ላይ ነው! ተራራው ላይ የተከመረው አመድ ከዝናብ ጋር ተቦክቶ፣ ቤት የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ ሲወርድ የዛፉን ቅርፊት ይልጣል። የተላጠው ቦታ ዳግም አያድግም። ዛፉ ከግራና ከቀኝ እንደ ከንፈር እያደገ ይሸፍነዋል እንጂ። ከቅርፊቱ ወደ ውስጥ እስከ ቁስሉ ድረስ ቀለበቶቹን ስትቆጥር ጭቃው የመጣበትን ዓመት ታገኛለህ። አንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ ግን አይታመንም፤ መብረቅም ላምም ያቆስላል። ብዙ ዛፎች በአንድ ዓመት ከቆሰሉ ነው ጉዳዩ።

እሷም ብዙ አገኘች። በሜዳው ዳር በዚያው ዓመት ከደረቁት ጥዶች ጉቶ ክብ ክብ እየቆረጠች ብትቆጥር፣ ሁሉም በአንድ ዓመት የቆሰሉ ናቸው። ክቦቹን በጆንያ አሸክማ ወደ መንደሩ ስብሰባ ሄደች።

የኮሚቴው ሊቀመንበር ዶን አቡንዲዮ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አጣምረው ሰሟት። “ዶን አቡንዲዮ፣ እርስዎ የሚሸጡት የጭቃ አልጋ ነው!” አለቻቸው። ሰው አጉረመረመ። ቦታ ከገዙት አንዷ፣ “እውነት ነው እንዴ?” ብላ ተነሳች።

ያኔ ፊደንሲዮ አንዱን ክብ አንስቶ ገለባበጠው፤ ሳቁ ፈነዳ።

“ኤርሊንዳ! ይሄንን ቁስል እኮ የቆረጥነው እኛ ነን! አባባ የበዓሉ አዘጋጅ የሆነበት ዓመት! የሞሌውን ወጥ ያበሰልንበትን እንጨት ረሳሽው? አንቺ ራስሽ የፍላጩን ጥቅል ተሸክመሽ ስታለቅሺ አልነበር!”

እውነቱን ነበር። እኛ ዘንድ እሳት የሚቀጣጠለው ኦኮቴ በምንለው፣ ሙጫ በጠጣ የጥድ ፍላጭ ነው። ከቆመ ዛፍ እግር ተቦርቡሮ ይወጣል። የትልቅ በዓል ዓመት ሲሆን ደግሞ መንደሩ በሙሉ መጥረቢያ ይዞ ይወጣል፤ ዛፉ ሁሉ በአንድ ዓመት ይቆስላል። ጭቃ ሳይመጣ ጭቃ ይመስላል።

“እህት ዓለም፣” አሉ ዶን አቡንዲዮ፣ “ዶን ጎዮ መጥረቢያ ይዞ ነው እንዴ የሚወርደው?”

ሳቁ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰማ። የቀረው ቦታ በዚያው ሳምንት ተሸጠ። እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ክቦቹ ስለተሳሳቱ ሜዳው ደኅና ሆነ ማለት ነው? ለጥያቄው መልስ የሰጠ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሳቀው በጠያቂዋ ነው።

ኤርሊንዳ ክቦቹን በገዛ እጇ ፈልጣ አነደደቻቸው። የተናደደችው ከሁሉ በላይ በራሷ ነበር። ቁስሎቹ በየትኛው ጎን እንደነበሩ እንኳ ሳታይ ነው የቆረጠችው። ኦኮቴ የሚቆረጠው መንገዱ ባለበት፣ ሰው ተመችቶት በሚቆምበት በኩል ነው። ጭቃ ግን ዛፉን የሚመታው ከላይ፣ በተራራው በኩል ነው፤ ቁስሉ ውስጥም ጠጠር ይሰነቅራል። ይህን ታውቀው ነበር። ንዴት አስቸኮላት።

ዘንድሮ ደግሞ በራሱ በፊደንሲዮ ጓሮ ባለው ጥድ ጀምራለች። ጤነኛ ጥድ እግሩ ላይ ሰፋ ብሎ ነው መሬት የሚነካው። ይሄኛው ግን እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ ብሎ አፈር ውስጥ ይገባል። እግሩ ተቀብሯል ማለት ነው። ማን ቀበረው?

አካፋዋን ይዛ ስትመጣ ወንድሟ በር ላይ ቆመ። “እሁድ ጎረቤት ተጠርቷል፤ የጣሪያው ሲሚንቶ ይፈሳል። ቻዮ ለሰዎቹ ምግብ በርበሬ እየፈጨች ነው። ደግሞ ልታስቂብኝ ነው?”

“ይሳቁ! ጥርሳቸው ይርገፍ! ልጆችህ ናቸው እዚህ የሚተኙት።”

“እሺ ቆፍሪ። የኖኅ ጭቃ ከሆነ ግን ጣሪያዬን እሞላለሁ። በአያታችን ዕድሜ የመጣ ከሆነ…”

“ከሆነስ? ጨርሰው!”

“ከሆነ አልሞላም። ይኸው።”

ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ግራጫ አሸዋና ቀላል ድንጋይ እንደ ወጥ ተደባልቆ ወጣ። ጉድጓዱ ወገቧ ድረስ ሲደርስ፣ መጥረቢያ ሊደርስበት በማይችል ቦታ፣ በተራራው በኩል፣ ግንዱ ላይ ቁስል አገኘች። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከንፈሩ መሃል ተሰንቅሮ ቀርቷል። ጭቃው የመጣው ይህ ዛፍ ቆሞ ሳለ ነው።

ፊደንሲዮ የግንበኛ ማንኪያውን ይዞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። አሁን እሷ ከቁስሉ አጠገብ ክፍት ቱቦ የሆነውን መሰርሰሪያዋን በሁለት እጇ እያዞረች ነው፤ ከውስጡ እርሳስ የሚያህል የእንጨት ዘንግ ይወጣል፣ ቀለበቶቹን የያዘ።

“ስንት ነው?” አላት። “ኤርሊንዳ፣ ስንት ዓመት ነው?”

“ዝም በል አንተ! ዘንጉ እንዳይሰበርብኝ።”