የአዴ ሞሚና የአሥራ አንድ ሰዓት ራት

ባለፈው ጥቅምት ወደ ሐረር ስሄድ ሚኒባሱ ሂርና ላይ ጎማ ሊቀይር ቆመ። ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ ግቢ አጥር ጠጋ ስል የማሽላ ገንፎ ሽታ መጣብኝ፤ ገና ከምድጃ የወረደ፣ ዳር ዳሩ ትንሽ ያረረ፣ ትኩስ ወተት የፈሰሰበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይርበው ነበር። እኔን ቅናት ያዘኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከሞተች ሃያ ዓመት ባለፋት ሴት ቀናሁ።

አዴ ሞሚና ጭሮ ውስጥ፣ ያኔ አሰበ ተፈሪ በምንላት ከተማ፣ የአጥር ጎረቤታችን ነበረች፤ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። ባሏ የሞተባት፣ የፊት ጥርሶቿ የረገፉ፣ ድምፅዋ ግን ከመንገድ ማዶ የሚሰማ አሮጊት። በልጅነቴ አንቱ እላት ነበር፤ አሁን ስጽፍ እሷ የምላት ስለቀረበችኝ ይሁን ቂሜ ስላልወጣልኝ እንጃ።

አባቴ የመንገድ ሥራ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። እናቴ የሞተችው በአራት ዓመቴ ነው፤ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት የገባሁትም በዚሁ ምክንያት ዘግይቼ፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ፣ ከትከሻዬ በማይደርሱ ልጆች መካከል ነው። ፈረቃዬ የከሰዓት ነበር። ጠዋት ወጥ እሠራለሁ፣ ማታ በሁለት ሰዓት ከአባቴ ጋር ከአንድ ትሪ እበላለሁ። ከቀኑ ሁሉ የኔ የምለው ያን ሰዓት ብቻ ነበር። አባቴ ገበታ ላይ ማውራት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ፋኖሱ ይበራል፣ ሬዲዮኑ ዜናውን ያወራል፣ እኛ ዝም ብለን እንበላለን። ሌላ ዓይነት ገበታ ስለማላውቅ ዝምታውን እወደው ነበር።

የአባቴ ቃር የመጣው ከዚሁ አበላል ነው። ቀኑን በሻይና በዳቦ ይውላል፤ ማታ ቀይ ወጤን እስኪጠግብ ይበላና ትሪው ሳይነሳ ጋደም ይላል። ጎህ ሲቀድ ደረቱን ይዞ ያገሳል፣ ይስላል። «ጉሮሮዬ ላይ እሳት ወጣ» ይላል። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ጠዋት አዴ ሞሚና በአጥሩ ላይ አንገቷን አሰገገች።

«አንተ ወርቁ! ይሄ ሳል የሳንባ አይደለም፣ ቃር ነው። እኔን አሥር ዓመት ጠብሶኛል። ኮቱ፣ ና ወደዚህ!»

ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ወርቁ፣ እርስዎ የሚለውን ሰው በተማረችው አማርኛ አንተ አለችው። እሱም ሄደ።

ሕጓ ጥብቅ ነበር። ራት ሳይመሽ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፤ እሱም ሆድ ሳይሞላ። ከበሉ በኋላ መጋደም የለም፣ ቀበቶ ይላላል፣ እስኪመሽ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይባላል። ባዶ ሆድ ላይ ቡና አይጠጣም። በአልጋው ራስጌ በኩል ካሉት ሁለት እግሮች ሥር ጡብ ይገባል። እኛ ክርስቲያን፣ እሷ ሙስሊም ስለሆነች ሥጋችን አይገናኝም፤ ስለዚህ እሷ ቤት ሊበላ የሚችለው የማሽላ ገንፎ፣ የተቀቀለ ድንችና ወተት ብቻ ነበር፤ በጾም ቀን ወተቱም ይቀራል። በርበሬ የለ፣ ቅባት የለ። የመድኃኒቱ ግማሽ ይኸው ነበር መሰለኝ። ዛሬ እኔም ቃር አለብኝ፤ ሐኪሙ ወረቀት ላይ ከጻፈልኝ ምክር ከሷ አፍ ያልሰማሁት አንድም አልነበረም።

ያኔ ግን እኔ የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። በአሥራ አንድ ሰዓት እኔ ገና ክፍል ውስጥ ነኝ። ዳገቱን ወጥቼ ቤት ስደርስ አባቴ በልቶ ጨርሷል።

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። አባቴ ጥድፊያ ይወድ ስለነበር አዴ ሞሚና በየጉርሻው መሀል እንዲያወራ አስገደደችው። «ሱታ! ቀስ በል። እጅህን አንሳና አንድ ነገር ንገረኝ፣ ከዚያ ትጎርሳለህ» ትለዋለች። አንድ ቀን መምህራኑ ስብሰባ ተጠርተው ቀደም ብለን ተለቀቅን። አጥሩ ጋ ስደርስ አባቴ ሲስቅ ሰማሁ። የሳቁ ድምፅ ጠፍቶብኝ ነበርና በመጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለኝ። ቀጥሎ የእናቴን ስም ጠራ። ለእኔ አንድ ቀን ስሟን አንስቶልኝ አያውቅም። ደብተሬን አቅፌ ቆምኩ፤ ቃር ምን እንደሚመስል ያን ቀን ያወቅሁ መሰለኝ።

ያን ማታ ቀይ ወጡን አሙቄ በሁለት ሰዓት አቀረብኩ።

«በልቻለሁ እኮ፣ ልጄ።»

«የኔ እጅ መረረዎት?»

ትሪውን ከድኜ ልመልስ ብድግ ስል ክንዴን ያዘኝ። «እሺ፣ ልቅመስልሽ።»

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሦስት አጎረስኩት። በማግስቱም። ሦስቱ አምስት ሆነ፣ አምስቱ ራት ሆነ። አባቴ እንዲህ በየቀኑ ሁለት ራት እየበላ ከሳ። ድምፁ ሻከረ፣ ሳሉ ባሰ፤ ጋራዥ ሲያጎነብስ የበላው አፉ ድረስ ይመጣበት ጀመር። እየጎዳሁት እንደሆነ አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው።

አንድ እሑድ ጠዋት አዴ ሞሚና ተናዳ መጣች። መድኃኒቷ ተሰድቧል።

«አልጋህ ጡብ ላይ ነው?»

«ነው።»

«ቀበቶ ታላላለህ?»

«አላላለሁ።»

«ከኔ ቤት ሄደህ ምን ትበላለህ?»

«ምንም።»

አባቴ ሲዋሽ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሷ ግን ድስቱን ከፍታ ባዶ መሆኑን አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ትናንት ይሄን ሁሉ ብቻሽን በላሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው አትወፍሪም?»

አባቴ ጣልቃ ገባ። «አዴ፣ ተያት። እኔ ነኝ። እምቢ ስላት ጦሟን ታድራለች። ብቻዋን ስትበላም ማየት አልችልም።»

አሮጊቷ ድስቱን ከደነች፤ ከዚያ እስኪያስላት ሳቀች። «አንተ ሞኝ! ልጅቱ ቀንታለች አትለኝም? በኔ! ጥርስ በሌለኝ!» ወደ አባቴ ዞረች። «ለምሳ ስንት ሰዓት ትወጣለህ?»

«ስድስት።»

«እሷስ ስንት ሰዓት ትሄዳለች?»

«ስድስት ተኩል።»

«በቃ። ትልቁን ምሳ ከሷ ጋር ብላ፤ በርበሬው ይቀነስ። ትንሹን ራት ከኔ ጋር። ማታ የሚያጎርስህ ከመጣ እጁን ንከስ።»

በርበሬውን ቀነስኩ። አባቴ በሁለት ወር ውስጥ ዳነ። የእኔ ግን አልሻረም። የምሳው ግማሽ ሰዓት ጥድፊያና ዝምታ ነበር፤ ምሳውን ሰጠችኝ እንጂ ወሬውን አልሰጠችኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱን ወጥቼ ስመጣ በአጥሩ ስንጥቅ የሁለቱን ጥላ እያየሁ አለፍኩ።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ፈረቃዬ ወደ ጠዋት ዞረ። በዚያው ሰሞን ልጇ መጥታ አዴ ሞሚናን ወደ ገለምሶ ይዛት ሄደች። መኪናው ላይ ስትወጣ እጇን አልሳምኩም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ በአሥራ አንድ ሰዓት አባቴ ከጋራዥ መጣ፣ ታጠበ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ድንች ቀቅዬ ነበር። አንድ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ እጁን ከትሪው አንስቶ ጉልበቱ ላይ አሳረፈ።

«እናትሽ እኮ ባቡር ትፈራ ነበር» አለኝ። «እንደተጋባን አሰቦት ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ባቡሩ ሲጮኽ ጥላኝ ሮጠች። የት ባገኛት ጥሩ ነው? ከፍየሎቹ መሀል!»

እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ግን ታሪኩ ተደጋግሞ የተነገረ ነበር፤ አንድም ቃል አልተደናቀፈበትም። ፍየሎቹ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፤ አዴ ሞሚና የምትስቅበት ቦታ መሆን አለበት። ቀና ብሎ ጠበቀኝ።

ሳቅሁ። ያን ጊዜ ሁለተኛውን ጎረሰ።