የሽቦ ኮፍያ የደፋችው ልጄ

ልጄ በገዛ እጇ ክንዷን ትጎዳ ነበር። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ዛሬ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ካቆመች ቆይታለች፤ ክብሩ ለእግዚአብሔር ይሁን። ልጽፍ የፈለግሁት ግን ስለ ሕመሟ አይደለም፤ ከዳነች በኋላ ስላደረገችው ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሲቀላ በሚባለው ቆላ ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ እሠራለሁ። በዚያ ሁሉ ሙቀት ልጄ የምትለብሰው እጅጌው እስከ አንጓዋ የሚደርስ ልብስ ነበር። የምሰፋላትም እኔው ነኝ። ስለ እጅጌው ተነጋግረን አናውቅም። በማኅበራችን ስለ ልጆች ጨዋታ ሲነሣ፣ ጠላ ለመቅዳት የምነሣው እኔ ነበርኩ።

ሕመሟን ያወቅሁ ጊዜ የሮጥኩት ወደ ንስሐ አባቴ ነው። ጸበል አዘዙ። ቀጥለውም፣ «ሆስፒታልም ውሰጃት፤ ዛሬውኑ» አሉኝ። ሁለቱንም አደረግሁ። በሆስፒታሉ ያገኘናት ሐኪም ልጄን ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል ሰማቻት። እኔንም መስማት አስተማረችኝ። ለእሷ ዛሬም ጧት ጧት እጸልይላታለሁ።

አንድ ቀን ልጄ ከዚያች ሐኪም ዘንድ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«እማ፣ ከአዲስ አበባ ተመራማሪዎች እየመጡ ነው። ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆች አንጎል እንዴት እንደሚሠራ ሊያጠኑ ነው። እኔም ልታይላቸው።»

«አንቺ ድነሻል። ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«ስለዳንኩ እኮ ነው! ያቆሙትንም ይፈልጋሉ። የታመመ ብቻ ከታየ፣ የዳነው ምኑ እንደተለወጠ በምን ይታወቃል?»

«ሰውስ?»

«ሰው ምን?»

ዕድሜዋ ስላልደረሰ የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋት ነበር። አባቷ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ሳለ ደወልኩለት። «እሷ ከደፈረች እኛ የምንፈራው ምን ሆነን ነው?» አለኝ። ፈቀድኩ።

ከሆስፒታሉ ደውለው፣ ሹሩባዋ ተፈቶ፣ ጸጉሯ ታጥቦ እንድትመጣ ነገሩን። ራሷ ላይ ሽቦ ያለበት ኮፍያ ይደፋላታል፤ ሽቦው የራስ ቆዳዋን መንካት አለበት። ሹሩባዋን ፈታሁ። አጠብኩላት። እዚህ ላይ ቢበቃኝ ጥሩ ነበር።

እኔ ያደግሁት ከካምባ በላይ ባለው ደጋ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ወደ ክብር ሲወጣ ራሱ ላይ ቅቤ ይደረግለታል። የሚሾም ሰውም ሆነ አዲስ ሙሽራ ደረቅ ራስ ይዞ ሰው ፊት አይቆምም። በዚያ ጠዋት የልጄ መውጣት ለእኔ የክብር መውጣት ነበር። እህቴ የላከችልኝን ለጋ ቅቤ አወጣሁ።

«እማ፣ ይሸታል!»

«ይሽተት። ቁጭ በይ።»

«ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ» አለች፤ ግን ራሷን ዝቅ አድርጋ ሰጠችኝ።

በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ እናቶችና ልጆች ወረፋ ይዘዋል። አንዲት ልጅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተቀምጣለች። እናቷ ቀስ ብላ ትለምናታለች፤ ልጅቷ አልገባም ብላለች። እኛ ቀድመን ተጠራን።

ተመራማሪዋ ወጣት ሴት ናት። የልጄን ጸጉር ገለጥ አደረገችና ጣቶቿን አየች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቅቤ ነው» አልኩ። «ለጋ ነው።»

ልጄ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«እናቴ፣ ከቅቤ ጋር እኮ ሽቦው አይዝልንም። ምንም ማየት አንችልም።»

«ነገ ላምጣት?»

«ነገ ጠዋት ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን።» ወደ ልጄ ዞር አለች። «ካቆሙት ልጆች መካከል ደግሞ እስካሁን የመጣችልን እሷ ብቻ ናት።»

ልጄ ሳቋ ቆመ። እኔም ደነገጥኩ። ይህን ቀን ምን ያህል እንደጠበቀችው አውቃለሁ። ሮጬ በሩ ላይ ካለው ሱቅ ሻምፑ ገዛሁና ግቢው መካከል ካለው ቧንቧ ሥር አጎነበስኳት። ቅቤ በቀዝቃዛ ውኃ አይለቅም። አሸሁ፣ አለቀለቅሁ፣ እንደገና አሸሁ። ውኃው በአንገቷ ወርዶ እጅጌዋን አራሰው። ወረፋ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያየናል።

«እማ፣ ቆይ።»

ቀና አለችና ሁለቱንም እጅጌዎቿን እስከ ክርኗ ድረስ ሰበሰበች።

«ልጄ፣ ሰው ያያል» አልኳት በጆሮዋ።

«ይይ። የመጣሁት ለመታየት አይደል? ይልቅ ቶሎ እጠቢኝ፤ ጊዜ እየሄደ ነው።»

መልሳ አጎነበሰች። እኔ ወረፋውን ቀና ብዬ አየሁ። ማንም አልሳቀም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የነበረችው ልጅ ዞራለች፤ የምታየው የልጄን ክንድ ነበር። ነጠላዬን አውልቄ የልጄን ራስ አደረቅሁበት። ክንዷን አልሸፈንኩም። እንዲህ ያለች ልጅ የሰጠኝን አምላክ በዚያ ቧንቧ ሥር ቆሜ አመሰገንኩት።

ተመራማሪዋ እንደገና ነካች፣ አሸተተችም። «ትንሽ ወጥ ወጥ ይላል፤ ግን ይሠራል» አለች። ኮፍያውን ደፋችላት፤ ከሽቦዎቹ ሥር ቀዝቃዛ ጄል ጨመረች። በማሽኑ ላይ ብዙ መስመሮች እየተንቀጠቀጡ ሄዱ። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳይ ቆየሁና ድፍረት አገኘሁ።

«አሁን ለምን እንዳደረገችው ይታያል?»

«አይታይም፣ እናቴ። ሐሳቧን አናነብም። ኀዘን ሲበዛ አንጎል ምን እንደሚያደርግ፣ ሕመምን እንዴት እንደሚቀበል ማወቅ እንፈልጋለን። ገና ስለማናውቅ ነው የመጣነው።»

የተማረ ሰው አላውቅም ሲል ደስ ይለኛል። በልጄ የማያውቁትን ሊያውቁ ነው። ከሲቀላ ልብስ ሰፊ ቤት የወጣች ልጅ፣ ለማታውቃቸው ልጆች ዓይኗን ጨፍና ዝም ብላ ተቀምጣለች። ይህን ያህል ዝም ብላ ስትቀመጥ ያየኋት በቅዳሴ ብቻ ነው።

ስንወጣ ፀሐዩ በርትቷል። ጄሉ በጸጉሯ ላይ ደርቋል፤ ርቦኛል፣ ዳቦ ግዢልኝ እያለች ትነዘንዘኛለች። ያቺ አልገባም ያለችው ልጅ እናቷን ትታ መንገዳችን ላይ ቆመች። የኔን ልጅ ብቻ ነው የምታየው።

«ያማል?»

«አያምም። ይቀዘቅዛል፣ ትንሽ ይኮረኩራል። ያን ጊዜ ያመመሽን ያህል በፍጹም አያምም።»

«ጥያቄ ይጠይቃሉ?»

«ይጠይቃሉ። ካልፈለግሽ አልመልስም ትያለሽ። እኔ አንዱን አልመልስም ብያለሁ፤ ምንም አላሉኝም።»

ልጅቷ ወደ በሩ አየች፤ መልሳ ወደ ልጄ።

«እስክወጣ ድረስ ትጠብቂኛለሽ?»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። የልጅቷ እናት ከኋላ ቆማ እጆቿን አጣምራ ይዛለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምን እየጸለየች እንደሆነ አውቃለሁ።

«ግቢ፣ የኔ ልጅ» አልኳት። «እዚሁ ነን።»

ልጅቷ ገባች። እኛም ከእናቷ አጠገብ ቦታ ይዘን ተቀመጥን።