ስድስት ጊዜ የተጠገነው ጣሪያ

ጀሊል ዝናብ ሲመጣ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ነበር። የሮቤ ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሮጥ እሱ ካፖርቱን ደርቦ የሰው ጣሪያ ሊያይ ይሄዳል። የማን አሸንዳ ውሃ እንደሚተፋ፣ የየትኛው ሱቅ ምስማር እንደላላ ከባለቤቶቹ በፊት ያውቃል። ጎባ ተወልዶ፣ ቆርቆሮ ሥራ እዚያው ከአንድ የመናዊ ተምሮ፣ ጁሀራን ሲያገባ ሮቤ ወርዶ ሱቅ ከፈተ። ኩራዝ ይሠራል፣ ማንቆርቆሪያ ይበይዳል፤ የሚወደው ግን የሚያፈስ ጣሪያ ነው። ባሌ በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት ስላለው ፍቅሩ ሥራ አጥቶ አያውቅም።

ካገኛቸው ጣሪያዎች ሁሉ በጣም የሚያስደንቀው በ1975 ዓ.ም. የገጠመው ነው። ከሮቤ ወደ ጎሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለ አንድ የመንግሥት እርሻ፣ ለሥራ አስኪያጁ ቢሮም መኝታም የሚሆን ካራቫን፣ ማለትም በጎማ የሚሄድ ቤት ተላከለት። ተመሳሳይ ቤት ሁለት ነበር፤ አንዱ ማሞቂያ አለው፣ ሌላው ጣሪያው ላይ አየር ማቀዝቀዣ ተተክሎበታል። ማሞቂያ ያለው ቆላ ወዳለ የጥጥ እርሻ ሄደ። ማቀዝቀዣ ያለው፣ በነሐሴ ሰው ቡሉኮ ደርቦ ቢሮ ወደሚገባበት ወደ ባሌ መጣ። ይታረም ተብሎ ደብዳቤ ተጻፈ። የመጣው መልስ "ዕቃው በጥንቃቄ ይያዝ" የሚል ነበር።

እዚህ ላይ የማሽኑን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሲገባን ደግሞ ያስደስታል። ጣሪያው መሀል ለመሀል ክንድ የማይሞላ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበስቷል። ማሽኑ ቀዳዳው ላይ እንደ ድስት ክዳን ተቀምጧል። በማሽኑና በጣሪያው መካከል ወፍራም የጎማ ቀለበት አለ። ከውስጥ አራት ረጃጅም ብሎኖች ማሽኑን ወደ ታች ስበው ጎማውን ይጨምቁታል። ዝናብ ወደ ማሽኑ ሆድ መግባቱ አይቀርም፤ መተንፈሻ አለውና። ስለዚህ የሠራው ሰው ከሥሩ ትናንሽ ቀዳዳዎች ትቶለታል፤ የገባው ውሃ በእነሱ ወጥቶ፣ በጣሪያው ላይ ሄዶ ይወርዳል። ውሃው የሚከለከለው በጎማው እንጂ በማሽኑ ጠርዝ አይደለም።

ይህን ማንም ለእርሻው ሰዎች አልነገራቸውም። የመጀመሪያው ዝናብ የሥራ አስኪያጁ የጓድ አምባዬ ጠረጴዛ ላይ ሲንጠባጠብ ስብሰባ ተጠራ፤ የማሽኑ ዙሪያ በሬንጅ እንዲለቀለቅ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሠራተኛው በዘመቻ ወጥቶ ለቀለቀ። በቃለ ጉባኤው ላይ "ጥገናው በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል" ተብሎ ተጻፈ። በሁለተኛው ዝናብ ብሶበት አፈሰሰ። ሌላ ስብሰባ፣ ሌላ ሬንጅ፣ ሌላ ቃለ ጉባኤ። እንዲህ እያለ ስድስት ዘመቻ ተካሄደ፤ ስድስቱም ተሳካ። ጓድ አምባዬ በጃንጥላ ሥር መፈረም ለመደ።

በነሐሴ አጋማሽ ከአዲስ አበባ የበላይ አካል በመጪው ሐሙስ ለግምገማ እንደሚመጣና ካራቫኑ ውስጥ እንደሚያርፍ ተነገረ። ያን ጊዜ ጀሊል ተጠራ።

"ጓድ ጀሊል፣" አለ ጓድ አምባዬ ከጃንጥላው ሥር፣ "ይህ ጣሪያ አያፈስም።"

ጀሊል ወደ ላይ አየ። አንድ ጠብታ ግንባሩ ላይ አረፈችበት። "አያፈስም፣ ጓድ።"

"ስድስት ጊዜ ተጠግኗል። ሰነድ አለ። አንተ የምትሠራው እንዳያፈስ ማድረግ ነው። ሐሙስ እንግዳው ላይ አንዲት ጠብታ ከወረደች ግን፣ የሰፊው ሕዝብ ጥገና አልወደቀም፤ በመጨረሻ የነካው ሰው ነው ያበላሸው። የኢኮኖሚ አሻጥር ምን እንደሚያስከትል ለአንተ አልነግርህም።"

አልነገረውም፤ መንገርም አላስፈለገውም። ከጀሊል ሱቅ ጎን የነበረ አንድ ወፍጮ ጠጋኝ በዚሁ ቃል ተወስዶ ስምንት ወር ሆኖታል፤ እስከዚያ ቀን አልተመለሰም።

ጀሊል ወጥቶ መሰላሉን አቆመ። የዘበኛው የጉርሜሳ ሥራ ውስጥ ሆኖ መጮህ ነው። ጀሊል ማንቆርቆሪያ ይዞ ውሃውን የጀመረው ከጣሪያው ዝቅተኛ ጫፍ ነው፤ ይህ ትልቅ ዘዴ ነው። ከላይ ቢጀምር ውሃው ሁሉን ያረጥበውና ጥፋተኛው ይጠፋል። ከታች ሲጀምር ግን እያንዳንዱ ስፌት ተራውን ጠብቆ ይመረመራል።

"ጉርሜሳ! አለ?"

"የለም!"

"አሁንስ?"

"የለም፣ ኦቦ ጀሊል! እንቅልፌ ብቻ ነው ያለው!"

ማንቆርቆሪያው ማሽኑ ሆድ ላይ ሲደርስ ጉርሜሳ "ወላሂ! አንገቴ! አንገቴ!" ብሎ ጮኸ።

ጀሊል ዙሪያውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሁሉም ነገር ገባው። ስድስቱ የሬንጅ ድርብርብ ማሽኑን እንደ ግድብ ከበውታል። ትናንሾቹ መውጫዎች አንድ ሳይቀሩ ተደፍነዋል። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ሞልቶ፣ በትልቁ ቀዳዳ ከንፈር ላይ ተሻግሮ ቢሮ ይገባል። ከውስጥ ደግሞ ካራቫኑ ከሻሸመኔ በኮረኮንች ሲጎተት ብሎኖቹ ላልተዋል፤ ጎማው በአንድ ጎኑ እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ቀርቷል። ሬንጁ ካልተፋቀ የሚደረግ ነገር የለም።

"መፋቅ?" ጓድ አምባዬ ጃንጥላውን ዘጋ፤ ወዲያው መልሶ ከፈተው። "የስድስት ዘመቻ ውጤት? ሕዝቡ ላቡን አፍስሶ የሠራውን አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ይፋቀው? ይህን ማን ይፈርማል?"

ጀሊል ደጅ ወጥቶ መሰላሉ ላይ ተቀመጠ። ካልፋቀ ሐሙስ ያፈሳል፤ እሱም አሻጥረኛ ነው። ያለ ፈቃድ ከፋቀ ዛሬውኑ አሻጥረኛ ነው። የግምጃ ቤት ኃላፊዋ ሎሚ ቁልፎቿን እያንኳኳች ስታልፍ አየችው።

"ምነው ጋሼ ጀሊል፣ ስጡን ዶሮ የበላችበት ሰው መሰልክ?"

ነገራት። ሎሚ በዚህች አገር ወረቀት እንዴት እንደሚያስብ ጠንቅቃ የምታውቅ ሴት እንደመሆኗ ሳቀች።

"መፋቅ የሚባል ነገር በእኛ ዘንድ የለም። ሬንጁ በስድስት ጊዜ ከእኔ ግምጃ ቤት ወጪ ሆኗል፤ አይደለም? ወጪ የሆነ ዕቃ ደግሞ ከሥራ የተረፈ ከሆነ ተመላሽ ይሆናል። አንተ አትፍቅ። መልስ!"

ጓድ አምባዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። "ከጣሪያ ጥገና የተረፈ ሬንጅ ለግምጃ ቤት ተመላሽ እንዲሆን" ይላል። በውስጡ የሚያስፈራ ቃል አላገኘበትም፤ እንዲያውም የቁጠባ ሽታ አለው። ፈረመ፤ ማኅተም መታ።

ጀሊል አንድ ቀን ሙሉ ሬንጅ መለሰ። ሎሚ በጆንያ እየተቀበለች መዘነች። የተመለሰው ወጪ ከሆነው በልጦ ተገኘ፤ ስድስት ወር የተጠራቀመ አቧራ፣ ገለባና ያንድ ቁራ ላባ ተጨምሮበታል። ሎሚ "ትርፍ" ብላ ጻፈች። በግምገማው ላይ እርሻው ሬንጅ አምራች ሆኖ መቅረቡ የኋላ ታሪክ ነው።

የቀረው ጎማው ነበር። ጀሊል የጭነት መኪና ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ ሞከረ፤ ቀጭን ሆነ። የፍራሽ ስፖንጅ አሰበ፤ ያ ውሃ ይጠጣል። ማታ ውዱእ ሊያደርግ ሲል ዓይኑ እግሩ ላይ አረፈ። የላስቲክ ነጠላ ጫማ! ሲጫኑት ይጨመቃል፣ ሲለቁት ይነሳል፣ ውሃ አይመጥም። ጁሀራ ገበያ ላይ የምትሸጠው ደግሞ እሱን ነው።

"ስንት ጥንድ?" አለች።

"ስድስት።"

"ለስንት እግር ላለው ሰው?"

"ለማሽን ነው።"

"አልሀምዱሊላህ፤ ሁለተኛ ሚስት መስሎኝ ነበር።"

ሶሎቹን በቁመታቸው ሰነጠቀ፤ ሁለት ሁለቱን ደራርቦ ጎማ ለጣፊዎች በሚጠቀሙበት ማስቲሽ አጣበቀ። መጋጠሚያቸውን ቀጥ አድርጎ አልቆረጠም፤ አንዱ በሌላው ላይ እንዲተኛ በሰያፍ ነው የቆረጠው፤ ውሃ ቀጥ ያለ ስንጥቅ ይወዳልና። ጉርሜሳና ሁለት ሠራተኞች ማሽኑን በአጣና አነሡለት፤ አዲሱን ቀለበት ሲያስገባ መልሰው አስቀመጡት። ከውስጥ ብሎኖቹን ተራ በተራ ሳይሆን በትይዩ፣ አንዱን ትንሽ፣ ማዶውን ትንሽ እያለ የጎማው ውፍረት በግማሽ እስኪቀንስ አጠበቀ። ከዚያ በላይ አልጨመረም። የታነቀ ጎማ ይሞታል።

ሐሙስ እንግዳው መጣ። ሰማዩም ከዲንሾ በኩል ጠቁሮ ደረሰ። የባሌ ዝናብ በበረዶ ጭምር ካራቫኑን አንድ ሰዓት ሙሉ ሲደበድበው ጓድ አምባዬ ከልማድ የተነሣ ጃንጥላውን ሁለት ጊዜ ጨበጠ። ጀሊል ደጅ ቆሞ ውሃው በትናንሾቹ ቀዳዳዎች እየወጣ ሲወርድ ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ ይሁን ቆጠራ አልታወቀም። ውስጥ አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

እንግዳው ጣሪያውን በአድናቆት አየ። "ጎረቤት እርሻዎች በሙሉ ያፈስባቸዋል። እናንተ ምን አድርጋችሁ ነው?"

"ስድስት ዙር የሬንጅ ዘመቻ፣ ጓድ!" አለ ጓድ አምባዬ።

"ግሩም! እንግዲህ ሰባተኛውን ዛሬ ለእኔ ክብር ሳይሆን ለአብዮታችን አድርጉታ! እኔም ብሩሽ እይዛለሁ።"

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሎሚ ተመላሽ የሆነውን ጆንያ ወጪ አደረገች። ሬንጁ እሳት ላይ ተጣደ። ጀሊል ፊቱ እንደ አመድ ሆነ፤ ቀዳዳዎቹ እንደገና ሊደፈኑ ነው፤ በሚቀጥለው ዝናብ በመጨረሻ የነካው ሰው ተብሎ የሚፈለገው ማን እንደሆነ ያውቃል። ሮጦ ከሎሚ ቢሮ አንድ ወረቀት አምጥቶ እንግዳው ፊት ዘረጋ።

"ጓድ፣ ርክክብ ነው። ጣሪያው በዛሬው ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በከባድ ዝናብ፣ ደረቅ ሆኖ ተገኝቷል ይላል። ከዚህ በኋላ የሚነካው ጓድ እዚህ ጋ ስሙን ይጻፍ።"

"ጥሩ አሠራር!" አለ እንግዳው። ስሙን ጻፈ፤ ፈረመ። ጓድ አምባዬም ከእሱ ሥር ፈረመ፤ ከበላይ አካል ስም ሥር ስሙ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበርና ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው።

ጀሊል መፍቻዎቹን ሰብስቦ በር ላይ ሲደርስ ጉርሜሳ ክንዱን ያዘው።

"ኦቦ ጀሊል! እየለቀለቁት ነው እኮ! እንግዳው ራሱ ነው ቀዳዳዎቹን የሚደፍናቸው!"

ጀሊል ወረቀቱን አራት ላይ አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ።

"ይድፈኑት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቅ ነበር" አለና የሮቤን መንገድ ያዘ።