የአንገትጌው ቅቤ

ጾም መግደፌን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። ጎረቤቴን ማማቴንም ተናግሬያለሁ። ይህንን ግን ለእሳቸውም፣ ለባሌም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ እንደ ፈቀዳችሁ ፍረዱኝ።

ከማግባቴ በፊት ደብረ ታቦር ውስጥ እትዬ ብርቄ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እትዬ ብርቄ የሐበሻ ቀሚስ በኢንተርኔት ይሸጣሉ። ፎቶውን እኔ አነሣና ቴሌግራም ቻናላቸው ላይ እለጥፋለሁ፤ ትእዛዝ ሲመጣ አሽጌ በሚኒባስ እልካለሁ። ቀሚሱ ያልሆናት ትመልሳለች። ችግሩ ጥምቀት ሲደርስ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? አንዳንዷ አዝዛ፣ ለብሳ፣ ታቦት ሸኝታ፣ በማግስቱ «ጠበበኝ» ብላ ትልከዋለች።

እትዬ ብርቄ ግን የምትመልሰዋን ገና ስታዝ ያውቋታል። እንዴት ያሉ ሴት ነበሩ! ደንበኛዋ የላከችውን የድምፅ መልእክት ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ይሰሙና፣ «ይቺ መቼ እንደሚደርስላት እንጂ ስለ ቀሚሱ አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ ትመልሳለች» ይላሉ። ትመልሳለች። «ይቺ ደግሞ ‹ባይሆነኝስ?› ብላ ተጨንቃለች። የምትጨነቅ ልታስቀረው ያሰበች ናት።» ታስቀረዋለች። እኔም እንደሳቸው ልሁን ብዬ ስንት ጊዜ ገመትሁ፤ ስንት ጊዜ ሳትሁ!

ስንዱ የምትባል በሐሙሲት ገበያ ቅመም የምትሸጥ ልጅ ቀሚስ አዘዘች። «ደረቴ ሰፋ ይላል፤ እናቴም ጠባብ አትወድልኝም» የሚል ድምፅ ላከች። እትዬ ብርቄ ሳቁና «ይቺ ከመለሰች እኔ ሰው አላውቅም» አሉ።

ቀሚሱ በከተራ ጠዋት ተመልሶ መጣ። እትዬ ብርቄ በዓሉን ከዘመድ ጋር ሊያሳልፉ እብናት ሄደው ነበር። ፈታሁት፤ ያልተለበሰ ንጹሕ ነው። የእኔ ቀሚስ የአምናው ነበር። ለምን ለበስሁት? ቸግሮኝ ነው? አይደለም፤ አማረኝና ለበስሁት። በከተራ ለበስሁት፣ በጥምቀትም ለበስሁት። ያየኝ ሁሉ «አምሮብሻል» አለኝ። ከዚያ አጣጥፌ ላስቲኩ ውስጥ መለስሁት።

የረሳሁት ቅቤዬን ነበር። ለበዓሉ ሹሩባ ተሠርቼ ለጋ ቅቤ ተቀብቻለሁ፤ ፀሐዩ አቅልጦ አንገትጌው ላይ አውርዶታል። እትዬ ብርቄ እንደ ተመለሱ ቀሚሱን አወጡ፣ አሸተቱት።

«መቼ ነው የደረሰ?»

«ትናንት ነው፤ ከጥምቀት በኋላ» አልሁ።

ዋሸሁ። እሳቸው ቀሚሱን እንደያዙ ቁጭ አሉና «እንግዲያስ ሰው አላውቅም ማለት ነው» አሉ። ያን ፊታቸውን እያየሁ ቀሚሱን ከእጃቸው ተቀበልሁ። ይህ ሳይበቃኝ፣ ሌላ የሐሙሲት ደንበኛ ስትደውል «ስንዱ ለብሳ ጨፍራበት፣ በቅቤ አርሳ መለሰችልን» ብዬ እየሳቅሁ ነገርኋት። ገበያ ደግሞ ወሬ አያሳድርም።

ብዙ ሳይቆይ ስንዱ ራሷ መጣች። ጥቁር ነጠላ ተከናንባ በሩ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ እናቴ ከከተራ በፊት ሞተችብኝ። ቀሚስዎን ሳልፈታው ነው የመለስሁት፤ ኀዘን ላይ ሆኜ መልእክት እንኳ ሳልልክልዎ ቀረሁ። አሁን ሰው ‹የእናቷ አፈር ሳይደርቅ ለብሳ ጨፈረች› ይለኛል። ቅቤ አለበት አሉ?»

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደች። ለእናቷ ኀዘን ጠጉሯን ተላጭታለች።

«በየትኛው ጠጉሬ ነው የተቀባሁት፣ እትዬ?»

እትዬ ብርቄ የስንዱን የተላጨ ራስ አዩ። ዞር ብለው የእኔን ሹሩባ አዩ። ስሜን እስኪጠሩ ጠበቅሁ። አልጠሩም። ተነሥተው ስንዱን አቀፏትና «ይቅር በይኝ ልጄ፤ ጥፋቱ የቤቴ ነው» አሉ። በማግስቱ ሐሙሲት ድረስ ሄደው ለቅሶ ደረሱ። በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ ፊት ቆመው «ይቺ ልጅ ቀሚሴን አልለበሰችም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» ማለታቸውን ከሰው ሰማሁ። ያን ሲናገሩ እኔ ቤታቸው ውስጥ ቀሚስ እያጣጠፍሁ ነበር። በዕድሜያቸው፣ በክብራቸው፣ የእኔን ነውር ተሸክመው ቆሙ!

እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ፣ ቢያባርሩኝ ምናለ ብዬ ስንት ቀን ተመኘሁ። በዓመቱ ጥምቀት ሲደርስ ሜትር አምጥተው ደረቴንና ወገቤን ለኩ፤ የተሰፋውንም ሲሰጡኝ «ያንቺ ነው፤ ይህ አይመለስም» አሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ መናገር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀበልሁ።

እትዬ ብርቄ አርፈዋል። ስንዱ ግን አለች። ባሕር ዳር ስሄድ ሚኒባሱ ሐሙሲት ሲቆም በመስኮት አያታለሁ፤ ጠጉሯ አድጓል። ቅመም የምገዛው ከሌላ ነው። ልጅ ነበርሁ እንዳልል ልጅ አልነበርሁም። አላወቅሁም እንዳልል አውቅ ነበር።

ስንዱ፣ ያ ቅቤ የእኔ ነው።