ጥር የሞቀበት ዓመት

ወለተ ጊዮርጊስ ከሰቆጣ በላይ፣ ገደል ተጠግቶ በተቆረቆረ መንደር ከአባቷ የወረሰችው ርስት ነበራት። ርስት ይባል እንጂ ከምንጭ ሥር ያለች፣ ጥማድ በሬ መዞሪያ የማያገኝባት ቁራጭ መሬት ናት። ባሏ ገብረ አምላክ ክረምቱ ዝናብ ሲነፍግ "ሰሊጥ አጭጄ እመለሳለሁ" ብሎ ወደ ሁመራ እንደ ወረደ ወሬው ጠፍቷል። ጎታው ተጠርጎ ተበልቷል። ሁለቱ ሴት ልጆቿ የሚቀመስ ሲያጡ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ዝም ይላሉ። በፊት ያለቅሱ ነበር። እናታቸውን ያስፈራት ማልቀሱን መተዋቸው ነው።

ጎረቤቷ ሰይዳ ደግሞ ዘር እንጂ መሬት አልነበራትም። በዚያ ዘመን ሙስሊም ነግዶ ይበላል እንጂ ርስት አይቆጠርለትም። ባሏ ሰላሕ ጨው ይጭንባቸው የነበሩት በቅሎዎች በድርቁ አልቀው ሰውየው ቤት ከዋለ ሰንብቷል። ስለዚህ ሰይዳ ከደህናው ጊዜ ያስቀረችውን የቃሪያ ዘር አመጣች፣ ወለተ ጊዮርጊስ መሬቷን አቀረበች፤ ፍሬውን እኩል ሊካፈሉ ተማማሉ። ዘሩንም ከወለተ ጊዮርጊስ ቤት ጥግ፣ ግድግዳው ነፋስ በሚከልለው የችግኝ መደብ ላይ አፈሉት። ሌላ ዘር አልነበራቸውም፤ ያው ነበር።

በዚያ አገር ጥር ማለት ቁር ነው። የዚያን ዓመት ግን ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሙቀት ገባ። ሰው ጋቢውን ከትከሻው አወረደ። ችግኙም የቁሩ ወራት ያለፈ መስሎት ተመዘዘ፤ መደቡ ጠበበውና ቅጠሉ ይገረጣ ጀመር። ምንጩ ደግሞ በየቀኑ ይቀጥናል። ገንቦ ደቅኖ እስኪሞላ መጠበቅ ሰውን የሚያስተኛ ሆነ።

ወለተ ጊዮርጊስ ወደ ደብሩ ቄስ ወደ አባ ወልደ ጻድቅ ሄደች። ቀድሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ጎመንና ቃሪያ ያለሙ ስለነበር ወራቱን ያውቃሉ ብላ ነው።

"አባ፣ ችግኙን ሜዳ ላውጣው ወይስ ልጠብቅ?"

"ከየካቲት ኪዳነ ምሕረት በፊት ቃሪያ ሜዳ አይወጣም። አባቶቻችን ሲሉ የሰማሁት ይኼንን ነው፤ ውርጭ ተኝቶ ነው እንጂ አልሞተም።"

"እስከ ኪዳነ ምሕረት ምንጩ ይቆየኛል ይላሉ?"

ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰማዩን አዩ። "እሱን እኔ አላውቅም፣ ልጄ። እንዲህ ያለ ጥር አይቼ አላውቅም" አሏት።

ስትመለስ ሰይዳ መደቡ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የገረጡትን ቅጠሎች በጣቷ ትዳስሳለች። ወለተ ጊዮርጊስ ቄሱ ያሉትን ነገረቻት።

"እንግዲያው እንጠብቅ፣ እቴ" አለች ሰይዳ። "ይኼ ካለቀ እኮ ሌላ ዘር የለንም።"

"ብንጠብቅስ? መደቡ ላይ እንደ ቆመ ይደርቃል። አሁን ውኃ አለ፤ አሁን ካልያዘ መቼም አይዝም።"

"ውርጭ ቢመጣስ?"

"ውኃ ባይኖርስ?"

ከቤት ውስጥ ትንሿ ልጅ ሳለች፤ ደረቅ፣ የአሮጊት ሳል። ሰይዳ ቀና ብላ ወደዚያ አየችና "መሬቱ ያንቺ ነው፤ የወደድሽውን አድርጊ፣ አልወቅስሽም" አለች። ወለተ ጊዮርጊስ ያን ቃል ባትሰማው ይሻላት ነበር። ሸክሙ ሁሉ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በእሷ ጫንቃ ላይ አረፈ።

በማግሥቱ ችግኙን አወጡት። አንዷ ትቆፍራለች፣ አንዷ ትተክላለች። የቀረውን ውኃ በቦይ እየመሩ አጠጡት። ችግኙም ያዘ። ቅጠሉ ጠቆረ፣ ቀና አለ። ወለተ ጊዮርጊስ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለልጆቿ ስትስቅ ተሰማች።

የካቲት ከገባ በኋላ አንድ ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ቀጥ አለ። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ መሰለ፤ አንዲት ደመና የለችበትም። ወለተ ጊዮርጊስ ከማሳው ዳር ቆማ እጇን ወደ መሬት ብታወርድ ብርዱ ከታች ሲወጣ ተሰማት። ሌሊቱን ውርጭ ሊወርድ ነው። ወዲያው ሰይዳ ነጠላዋ እየተጎተተ ስትሮጥ መጣች።

"ሰማዩን አየሽው?"

"አየሁት።"

"እናልብሰው! ጭድ፣ ሣር፣ ያገኘነውን!"

"ጭድ ከየት ይመጣል? ከብቱ በልቶ ጨርሶት፣ ከብቱም አልቆ!"

ሰይዳ አለቀሰች። ወለተ ጊዮርጊስ ግን ዞራ ወደ ጎጆዋ አየች። በእጇ የቀረው ሣር ጥላሸት የጠጣው ክዳኗ ብቻ ነበር። በግድግዳው ድንጋይ ላይ ተንጠላጥላ ወጣችና ከጠርዙ ትነቅል ጀመር።

"ኧረ ልጆቹስ? አብደሻል እንዴ?" ጮኸች ሰይዳ።

"ልጆቹን አንቺ ቤት ውሰጂልኝ። ከዚያ መጥተሽ ተሸከሚ!"

ሰይዳ ልጆቹን ለሰላሕ ሰጥታ ተመለሰች። አንዷ እየነቀለች ስትጥል ሌላዋ እየተሸከመች ስታለብስ ጨለመ። ክዳኑ ተገፎ አልቆ ማገሩ ብቻ ሲቀር፣ ከማሳው የለበሰው እኩሌታውን እንኳ አይሞላም ነበር። ለቀረው ሰይዳ ነጠላዋን፣ ወለተ ጊዮርጊስ ጋቢዋን አነጠፉ።

ሲነጋ ያልለበሰው ሁሉ በፈላ ውኃ የተነከረ መስሎ ጠቁሮ ተኝቷል። ወለተ ጊዮርጊስ በእጇ ሰብስባ አነሳችው፤ በጣቶቿ መካከል ቀለጠ። "እኔ ነኝ። ኪዳነ ምሕረት እስኪደርስ ብጠብቅ…" አለችና ሳትጨርሰው ቀረች። ሰይዳ ከጎኗ ተቀመጠች።

የለበሰው ተረፈ። ነገር ግን የበልጉ ዝናብ ቀረ። ኪዳነ ምሕረት ከዋለ ብዙም ሳይቆይ ምንጩ ጨርሶ ነጠፈ። ብትጠብቅም ኖሮ የምታጠጣው እንዳልነበራት ያን ጊዜ አወቀች፤ ማወቁ ግን አላጽናናትም። ከገደሉ ግርጌ ካለው ወንዝ በገንቦ እየቀዱ፣ ዳገቱን እየወጡ፣ አንዱን ትልም ለማትረፍ ሌላውን እየተዉ ሰነበቱ። በመጨረሻ የለቀሙት ቀጫጫ ቃሪያ በሰፌድ ላይ ሲፈስስ የሰፌዱን መሐል ብቻ ሸፈነ።

"ውሰጂው፤ ዘሩ ያንቺ ነው" አለች ወለተ ጊዮርጊስ።

"ቤትሽን ገፈሽለት?" ሰይዳ በእጇ ለሁለት ከፈለችው። እኩል አልሆነም፤ የሚበዛውን ወደ ጓደኛዋ ገፋችው።

ከዚያ ሰላሕ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቆቦ ወረደ። ሰይዳ እስከ መታጠፊያው ድረስ ዞር ዞር እያለች ሄደች። ወለተ ጊዮርጊስ ግን ባሏ ቢመጣ ባዶ ቤት እንዳያገኝ ብላ ቀረች። ከልጆቿ ጋር ማገር ብቻ በቀረው ጎጆ፣ ቁርበት ከላያቸው ዘርግተው ይተኙ ነበር። ትንሿ ልጅ ክረምቱን አላየችም። ትልቋ ተረፈች። ገብረ አምላክ በመስከረም፣ ወባ አመንምኖት በጓደኛ ትከሻ ተደግፎ ገባ። ትንሿ ልጅ የት እንዳለች ጠየቀ። ወለተ ጊዮርጊስ ነገረችው። ሲበረታም ሣር አጭዶ ጎጆዋን ከደነላት።