የጋሽ ጥራት ንጹህ ዲስኮች

እናቱ ያወጣችለትን ስም ሠፈሩ ከረሳው ቆይቷል፤ ሁሉም ጋሽ ጥራት እያለ ነው የሚጠራው። ቅጽል ስሙን ያገኘው እንዲሁ አይደለም። ሰው የሠርጉን ወይም የልጁን ልደት ቪዲዮ በሚሞሪ ካርድ ይዞ መጥቶ "ዲስኩ መቼ ይደርሳል?" ሲለው፣ ጋሽ ጥራት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ "መድረሱንስ ይደርሳል። ግን እንዲደርስ ነው የምትፈልገው ወይስ እንዲታይ?" ይላል። ይህን ጥያቄ ከሰማ በኋላ "እንዲደርስ" ብሎ ለመመለስ ወኔ ያለው ደንበኛ እስካሁን አልተገኘም።

ሱቁ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ሥር ያለች፣ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባባት አንዲት ክፍል ናት። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የዲስክ መጻፊያና አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን ተፋፍገው ተቀምጠዋል። ጋሽ ጥራት ዲስክ የሚይዘው በጠርዙ ነው፤ ፊቱን በጣቱ ነክቶት አያውቅም። ወረቀትም አይለጥፍበትም፤ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያዛባዋል ባይ ነው። ሌላው በአምስት ደቂቃ የሚጽፈውን እሱ ማሽኑን በዝቅተኛው ፍጥነት አድርጎ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ተጽፎ ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየዋል፤ የማያውቀውን ሰው ሠርግ፣ ሙሉውን! በሠፈሩ ውስጥ እንደ እሱ ብዙ ሠርግ ላይ የዋለ ሰው የለም፤ አንዱም ላይ ግን አልበላም።

"ዲስክ እንደ ሻንጣ ነው" ይላል ማስረዳት ሲጀምር። "ብዙ ልብስ ከጠቀጠቅህበት ይጨማደዳል። ሁለት ሰዓት ቀረጻ አንድ ዲስክ ላይ ካጨቅህ የሰው ፊት ይጨማደዳል። ጥራት ከፈለግህ ቀንስ።" እንግዲህ ለመቀነስ መቁረጥ ግድ ነው። የሚንቀጠቀጠው ይቆረጣል፤ ካሜራው ሳይጠፋ ተረስቶ መሬት መሬቱን የቀረጸው ይቆረጣል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሚቆረጠው ከካሜራው ጀርባ ያለው ሰው የሚያወራበት ነው። "የቀራጭ ድምፅ የቪዲዮ ጉድፍ ነው" የሚላት አባባል አለችው። የቀረውን ለስላሳ የፒያኖ ሙዚቃ ያለብሰዋል። ዲስኩ ታይቶ ካለፈ በኋላ ሚሞሪ ካርዱን አጥፍቶ፣ ለሚቀጥለው ቀረጻ ባዶ አድርጎ ይመልሳል። ደንበኞቹ ይህን ሁሉ ይወዱለት ነበር። አይፈረድባቸውም፤ የራሱን ሠርግ ጥርት ብሎ ማየት የማይወድ ማን አለ?

ይኸው ሕግ ቤቱም ድረስ ገብቶ ነበር። ጣጣው የመጣው ከዚያ ነው።

እሱ ቀኑን ሙሉ ሱቅ ስለሚውል ቤት ውስጥ ካሜራ የምትይዘው ሚስቱ ነበረች። አንዲት ልጃቸው ብስክሌት ስትማር፣ ትምህርት ቤት ስትሸለም፣ ዝናብ ላይ ስትቦርቅ የቀረጸቻት እሷ ናት። ማታ ካርዱን ለባሏ ትሰጠዋለች፤ እሱ ይቆርጣል፣ ሙዚቃ ያለብሳል፣ ይጽፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ አራት ዲስክ ሆነ። ሁሉም ሳሎን መደርደሪያ ላይ፣ በቀን በቀናቸው፣ ተርታቸውን ቆመዋል። እንግዳ ሲመጣ አንዱን አውጥቶ ሳያሳይ ሰውን አይለቅም ነበር። ሚስትየው ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ታማ ሞተች፤ ይኸው ከሞተች ሰባት ዓመቷ።

ልጅቷ አሁን ከተማው ሌላኛው ጫፍ ከባሏ ጋር ትኖራለች። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሦስት ወር ልጇን ታቅፋ አባቷ ዘንድ መጣች። ሕፃኑን ሶፋው ላይ አስተኝታ ዙሪያውን በትራስ ከበበችና፣

"አባዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ" አለችው።

"የምን ማስቸገር ነው? ተናገሪ።"

"የእማዬን ድምፅ መስማት ፈልጌ ነው። ይሄን ልጅ ሳባብለው፣ እማዬ ለእኔ ትለኝ የነበረውን ልለው ስል ቃሉ ይመጣል፤ ድምፁ ግን ጠፋብኝ። መልኳ ፎቶ ላይ አለ። ድምጿ ነው የጠፋኝ። በቀደም ሌሊት ብፈልገው ብፈልገው አጣሁት፣ አለቀስኩ።"

ጋሽ ጥራት ፈገግ አለ። ለዚህማ ማን ብሎት! የእናትየው ስልክ ከመደወልና ከማንሳት ሌላ ሙያ የሌለው አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ስለነበረ ከዚያ የሚገኝ ነገር የለም። "ሠላሳ አራት ዲስክ ያለው ሰው ልጅ ነሽ እኮ" አላትና የመጀመሪያውን አውጥቶ ከተተው።

ሥዕሉ ያምራል። የዝናቡ ጠብታ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የልጅቷ ሽፋሽፍት ሳይቀር ይታያል። ፒያኖው ይንቆረቆራል። ሁለተኛውን ከተተ፤ ፒያኖ። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ በብስክሌት እየመጣች ወደ ካሜራው አፏን ከፍታ የሆነ ነገር ትጮኻለች፤ ከካሜራው ጀርባ አንድ ሰው እንደመለሰላት ፊቷ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን ፒያኖ ነው።

"አባዬ፣ እማዬ የታለች?" አለች አምስተኛው ላይ።

"ትመጣለች" አላት። እንደማትመጣ ግን ሦስተኛው ላይ ገብቶት ነበር። የቆረጠው እሱ፣ ካርዱን ያጠፋው እሱ፣ ማን ይንገረው? ልጁ ፊት ላይ ያለውን ማየት ስላልቻለ የሪሞቱን ባትሪ ፈታ፣ መልሶ ገጠመ።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ሚስቱ በታመመችባቸው ሁለት ዓመታት የተቀረጸውን አልቆረጠውም ነበር፤ አቅሙም ልቡም አልነበረውም። እንዳለ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጦ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ጥሎታል። "አንድ ሳምንት ስጪኝ" አላት። "ጥሬው አለ። ያልተነካ። እዚያ ላይ አለች።" ልጅቷ አንገቱ ሥር ስማው ሄደች።

በማግስቱ የሱቁን በር ከውስጥ ቆልፎ ሃርድ ዲስኩን ሰካ። እየተንኳኳ፣ እያቃሰተ ተከፈተ። አርባ ሦስት ቀረጻ፣ ሁሉም ከነድምፁ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ።

የመጀመሪያው ላይ ልጅቷ ወጥ ቤት ቆማ ሰሃን ታጥባለች። ሰሃኑ ሲጋጭ ይሰማል፤ ውሃው ይሰማል፤ ጎረቤት በር ሲዘጋ ይሰማል። ቀራጯ ግን ትንፍሽ አትልም። ልጅቷ ዞር እንድትል ስትፈልግ በጣቷ ጠቅ፣ ጠቅ ታደርጋለች። ሁለተኛውም እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ልጅቷ አዲስ ሹራብ ለብሳ መጥታ ወደ ካሜራው "እማዬ፣ አማረብኝ?" ትላለች። መልስ የለም። ካሜራው ብቻ ወደ ላይ ወደ ታች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። እናትየው በካሜራው ራሷን እየነቀነቀች ነው።

ጋሽ ጥራት እዚያው ላይ አቆመው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሱስ አሁን አወቀው። ዓመታት አልፈዋል፤ አንድ ማታ እራት ላይ ነበር፤ ደክሞት ስለነበረ ቆጣ ብሎ ያላት ነገር ቃል በቃል መጣበት። "አንቺ ሴትዮ፣ ስትቀርጪ አፍሽን ያዥልኝ እስቲ! የአንቺን ወሬ ስለቅም ነው እኮ የማመሸው።" እሷም ሳቅ ብላ "እሺ ጌታዬ" ነበር ያለችው። እሱ ተናግሮ ረሳው። እሷ ግን እሺ ካለች እሺ ነው፤ እስክትሞት ድረስ ያዘችለት።

አርባ ሦስቱንም አየ። ሦስት ቀን ፈጀበት፤ ደንበኛ መጥቶ በር ቢያንኳኳ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ያገኘው አንድ ሳል ነው። ሠላሳ ስምንተኛው ቀረጻ ላይ እናትየው ሳል ያፍናትና ካሜራውን ታጠፋዋለች። ያንን ሳል ደጋግሞ ሰማው። በሕመሟ ጊዜ ከጎኑ ተኝታ ስትስል የሰማው ሳል ነው፤ ያውቀዋል። ለልጁ ግን ምን ብሎ ይስጣት? "እናትሽ ይችውልሽ" ብሎ ሳል ይሰጣል?

ደውሎ ነገራት። ብትጮኽበት፣ ብትወቅሰው ደስ ይለው ነበር። እሷ ግን "እሺ አባዬ። አታስብ" አለችው። አነጋገሯ ልክ እንደ "እሺ ጌታዬ" ሆነበትና ስልኩን ዘግቶ አለቀሰ።

ከዚህ በኋላ ኩራት የሚባል ነገር አልቀረለትም። ዘመድ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረ፣ እንደ ለማኝ በየበሩ ቆሞ "የእሷ ድምፅ ያለበት ነገር አላችሁ?" ማለት ጀመረ። ሰዉ ፎቶ ያወጣለታል። ፎቶማ እሱም አለው። መጨረሻ ላይ የጠየቃት የሚስቱን ታናሽ እህት ነበር። ጥያቄውን ስትሰማ መሬት መሬት አየች።

"ጋሼ፣ አንድ ዲስክ አለችኝ። ግን አንተ ፊት ማውጣት አፍሬ ነው።"

"ምን የሚያሳፍር ነገር አለው?"

"ማዶ ነው ያስገለበጥኳት። ስድስት ሰዓት ጋ።"

ስድስት ሰዓት ማለት ከጋሽ ጥራት ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ተፎካካሪው ነው። በሩ ላይ "ስድስት ሰዓት ቪዲዮ በአንድ ዲስክ!" ብሎ በቀይ ቀለም ስለጻፈ ስሙ ሆኖ ቀረ። ጋሽ ጥራት የእሱን ሥራ ባየ ቁጥር ቆሽቱ ያርራል። እዚያ የተገለበጠች ሙሽራ ፊቷ የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሳለች ቤታቸው ቀለም ሲቀባ እናትና ልጅ እህትየው ዘንድ ሦስት ቀን ሰንብተው ነበር። ያኔ የተቀረጸውን እህትየው ካርዱ ወደ ጋሽ ጥራት ከመመለሱ በፊት ማዶ ወስዳ እንዳለ አስገለበጠችው። እሱ ዘንድ ያ ሦስት ቀን አራት ደቂቃ ሆኗል፤ አራት ደቂቃ ፒያኖ።

ቅዳሜ ዕለት እህትየው ቤት ተሰበሰቡ፤ እሷ፣ ልጅቷ ከነሕፃኑ፣ ጋሽ ጥራት። ዲስኩ ጀርባው ተጫጭሯል፤ መሃሉ ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ጋሽ ጥራት አይቶ አለፈው።

ሥዕሉ የፈሩትን ያህል ነው። የልጅቷ ፊት አራት ማዕዘን፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይበተናል፤ እንደገና ይገጥማል። ከዚያ ድምፁ መጣ።

"በርቷል እንዴ? ቀይዋ በርታለች። አዎ፣ በርቷል።"

ልጅቷ የአክስቷን ክንድ ጨበጠች።

"ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ጥርስሽን አሳዪኝ። ውይ! በዚህ ቀዳዳ እኮ አይጥ ይገባል!"

ሴራሚኩ ውስጥ ያለችው ትንሿ ልጅ ሳቀችና አፏን በእጇ ሸፈነች። "እማዬ፣ አታውሪ! አባዬ ይቆጣሻል።"

"ተይው፣ አይሰማውም። አባትሽ እኔ ያለሁበትን ይቆርጠዋል። ስለዚህ ዛሬ የልባችንን እናውራ።"

አወሩም። ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ያለማቋረጥ። ስለ ጎረቤት ድመት፣ ስለ አስተማሪዋ ቀሚስ፣ ስለ ጋሽ ጥራት ማንኮራፋት። "ዲስኩን በሁለት ጣቱ እንዴት አድርጎ እንደሚይዘው አይተሻል? እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ተጠንቅቆ ቢይዘኝ!" ትላለች እናትየው፣ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ከዚያ አንድ የልጆች መዝሙር አብረው ጀመሩ፤ ዜማው ጠፋባቸው፤ ግድ አልሰጣቸውም። ሶፋው ላይ ያለችው ልጅ እያለቀሰች ትስቃለች፤ ሕፃኑን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ "ስማ፣ ስማ" ትለዋለች። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ትንሽ የሚሻክር፣ ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ወደ ሳቅ የሚያመልጥ ነው። ጋሽ ጥራት ከዚህች ሴት ጋር ሃያ ዓመት ኖሯል፤ ይህን ያህል ስታወራ የሰማበትን ቀን ግን አላስታወሰም።

ሲያልቅ ጋሽ ጥራት አንድ ነገር ማለት እንዳለበት ተሰማው። ለልጁ የሆነ ነገር መስጠት ፈለገ፤ ከእጁ የሚወጣው ደግሞ የሚያውቀው ሥራ ብቻ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና፣

"ከኋላ የሆነ ማሽን ሩ... ይላል። ፍሪጅ ሳይሆን አይቀርም። ስጪኝና እሱን አጽድቼ፣ ጥርት ያለ ግልባጭ ልሥራልሽ" አላት።

ልጅቷ ተነሳች። ዲስኩን አወጣች፤ ቦርሳዋን ከፍታ ከሕፃኑ ልብሶች መሃል ሸጎጠችው።

"አይ፣ አባዬ" አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋው እየተጠነቀቀች። "ግልባጩን ማዶ አሠራዋለሁ።"

"ደግ ታደርጊያለሽ" አላት።

ጉንጩን ስማው ወጣች። ጋሽ ጥራት ከተቀመጠበት አልተነሳም። እህትየው ብርጭቆዎቹን ስታነሳሳ፣

"አንቺ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እህትሽ ተቀይማኝ ነበር?" አላት።

እህትየው ብርጭቆዎቹን እንደያዘች ቆመች።

"ኧረ አልተቀየመችህም ጋሼ" አለችው። "ለምዳው ነበር።"

ተቀይማው በነበረ ይሻለው ነበር።